የመብራት ሠራተኛው ርካሽ ሲሆን ዋጋውን ማን ይከፍላል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር ያልዞረበት ስልክ አልነበረም። ደስ ይላል፣ የሚገባም ነው። ግን ከጉባ የተነሳው ኃይል በማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈራችን ትራንስፎርመርና በቆጣሪያችን አልፎ መጨረሻ ላይ የት ነው የሚገባው? ግድግዳችን ውስጥ የተቀበረ፣ ማን እንደዘረጋው የማናውቀው፣ ውፍረቱን አይተነው የማናውቀው ሽቦ ውስጥ። ስለ ግድቡ ሁላችንም ተንታኝ ነን። ስለዚህች የመጨረሻ አሥር ሜትር ግን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የእጅህ ስንት ነው?»

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚህች ጥያቄ ነው። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ሌባ ነው ልላችሁ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ተጠርተው ሳያድሩ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ገበያው ላይ ነው። ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው መለየት በማንችልበት ገበያ ውስጥ በዋጋ ብቻ ስንመርጥ፣ ተከራክረን ያስቀነስነው ብር የሚወጣው ከሠራተኛው ኪስ ብቻ አይደለም፤ ከሽቦውም ነው።

ቤታችን ውስጥ ምን ተቀየረ?

ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት ሽቦ የተዘረጋላቸው ብዙ ቤቶች የታሰቡት ለቀላል ሥራ ነበር። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ ሲደላ ደግሞ ፍሪጅ። ምግቡ የሚበስለው በከሰል፣ በላምባ ወይም በጋዝ ነበር። አሁን እነዚያው ግድግዳዎች ውስጥ ባለው በዚያው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ቦይለር፣ የልብስ ማጠቢያና የውኃ ማፍያ ተጨምሮበታል። ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ መኪናም ከሶኬት ጋር ተያይዟል። በየግቢው በመስኮት ወጥቶ መኪና ውስጥ የሚገባ ገመድ ማየት አሁን ብርቅ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው፣ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የዕቃውን ዋት ለ220 ስታካፍሉት የሚስበውን አምፔር ታገኛላችሁ። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል 0.04 አምፔር ብቻ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይስባል። አንድ ምጣድ ማለት ወደ 390 አምፖል በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። በዚያ ላይ 1,500 ዋት ስቶቭና 1,500 ዋት ቦይለር ጨምሩበት፤ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጀራ እየተጋገረ፣ ወጥ እየተሠራ፣ አንዱ ሻወር እየወሰደ፣ ቤቱ ወደ 30 አምፔር እየሳበ ነው።

መኪናውስ? አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ከተራ ሶኬት ላይ ከ8 እስከ 16 አምፔር ይስባል። ከምጣድ አይበልጥም ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ምጣዱ የጋገረው ጋግሮ ያርፋል። መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ እናንተ ተኝታችሁ፣ ሳያቋርጥ ነው የሚስበው። ሽቦውም ሶኬቱም የሚቀዘቅዙበት ፋታ የላቸውም።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ሒሳብ

ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ሠራተኞች ሽቦን በውፍረቱ የሚጠሩት፦ ለመብራት «1.5»፣ ለሶኬት «2.5»፣ ለምጣድና ለመሳሰሉት «4» ወይም «6»። ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር ካሬ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ምጣዳችሁ ከብሬከሩ 15 ሜትር ርቆ ቢቀመጥና 16 አምፔር ቢስብ፣ በ4 ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት 35 ዋት ያህል ነው። ያንኑ ምጣድ በ1.5 ሽቦ ብትሰኩት ከ90 ዋት በላይ ይሆናል፤ ያውም ግድግዳ ውስጥ፣ አየር በማያገኝ ቱቦ ውስጥ። ላስቲኩ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። ዜናው ላይ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን አደጋ አይደለም። ወራትና ዓመታት ሲበስል የቆየ ነው። እግረ መንገዳችሁንም ይህን ያዙ፦ ግድግዳው ውስጥ በሙቀት የሚባክነውን ኮረንቲም ቆጣሪው ቆጥሮታል። ሒሳቡ የእናንተ ነው።

ከሽቦው መሃል ይልቅ ደግሞ አደገኛው መጋጠሚያው ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ያልጠበቀ የሶኬት ብሎን፣ የላላ ዲቫይደር። ሶኬታችሁ ዙሪያው ቡኒ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ከሆነ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ወይም የዓሣ የሚመስል ሽታ ካመጣ፣ «ጢስ ጢስ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ማስጠንቀቂያው ደርሷችኋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሬከሩ። በየሰፈሩ በጣም የተለመደው ጥሪ ይሄ ነው፦ «ምጣዱን ስንሰካ ብሬከሩ ይጥላል፣ ና እስቲ እየው።» ሠራተኛው ይመጣል፣ 16 አምፔር የነበረውን አውጥቶ 32 ያስገባል፣ ምጣዱ ይሠራል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። አሥር ደቂቃ፣ ትንሽ ብር፣ «እግዜር ይስጥልን»። ግን ምን እንደተሠራ አስቡት። ብሬከር የተቀመጠው ዕቃውን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። የሚጥለው «ይህ ሽቦ ከዚህ በላይ አይችልም» ለማለት ነው። ሽቦው ያው 2.5 ወይም 1.5 ሆኖ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ፣ የትኩሳት መለኪያውን ሰብሮ ትኩሳቱ ጠፋ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል። በድሮ ፊውዝ ላይ ወፍራም ሽቦ የሚጠመጠመውም ያው ነው።

ትክክለኛው መልስ ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ ምጣዱ ድረስ ለብቻው የሆነ፣ ወፍራም መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር መዘርጋት ነው። ጊዜም ብርም ይጠይቃል። ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል፤ ሁለቱም ሥራዎች ተሠርተው ሲያልቁ ከውጭ ልዩነት የላቸውም። በሁለቱም እንጀራው ይወጣል።

«ጫማ አድርጊና ንኪው»

ሌላም አለ። ምጣድ «ይነዝራል» ሲባል ሰምታችኋል። መፍትሔውንም ሰምታችኋል፦ «በባዶ እግርሽ አትንኪው፣ ነጠላ ጫማ አድርጊ»፣ ወይም ከእግር ሥር ጣውላና ምንጣፍ ማንጠፍ። ይህን የምንነግራት ብዙ ጊዜ እናታችንን፣ እህታችንን ወይም ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራውን ልጅ ነው። ተለምዶ ቀልድ ሆኗል እንጂ፣ ትርጉሙ ኮረንቲ የብረት አካሉ ላይ አለ፣ የሚሄድበት መሬት አጥቶ እሷን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እጇ እርጥብ የሆነ ቀን፣ ወለሉ ላይ ውኃ የፈሰሰ ቀን፣ ጫማው ላያድናት ይችላል።

እዚህ ጋ ሁለት ነገሮች ይጎድላሉ። አንደኛው የመሬት መስመር ነው፣ ሠራተኞቹ ኧርዝ የሚሉት ሦስተኛው ሽቦ። ሶኬታችሁ ላይ የመሬት መስመር መንኪያ ብረት መኖሩ ከኋላው ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ ባዶውን የተቀመጠ ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ለማሳጠር ኧርዙን ከውኃ ቧንቧ ጋር ያያይዘዋል፣ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱም አደጋን ማዛወር ነው። የእናንተ ምጣድ ኮረንቲ ሲያፈስ በቧንቧው የጎረቤታችሁ ሻወር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተቋረጠ ደግሞ የፍሪጁ በር ራሱ ፌዝ ይሆናል።

ሁለተኛው የሚጎድለው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ከተራው ብሬከር ጋር ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ብሬከር ከመጠን ያለፈ ጭነትንና ኮንታክትን ይቆርጣል። ሰው ሲይዘው ግን አይቆርጥም፤ በሰው አካል ውስጥ የሚያልፈውና ልብን ሊያቆም የሚችለው ኮረንቲ ለብሬከሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሰው ጥበቃ የሚመረጠው አርሲዲ ግን 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር 3 በመቶ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ሲያፈተልክ መስመሩን በቅጽበት ይቆርጣል። ቤታችሁ ውስጥ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፦ ማከፋፈያው ሳጥን ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ያለበት መሣሪያ ፈልጉ። ቁልፉን ስትጫኑት መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ተበላሽቷል። ቁልፉ ጭራሽ ከሌለ ምናልባት አርሲዲም የለም።

ለምን ርካሹ ያሸንፋል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የዕቃውን ጥራት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ነው የሚከፍለው። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አያዋጣውምና ከገበያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው።

ይህን ወደ ሰፈራችን አምጡት። እንበል ሁለት ሠራተኞች ጠራችሁ። አንዱ ለብቻ የምጣድ መስመር፣ 4 ሽቦ፣ ኧርዝና አርሲዲ ቆጥሮ 9,000 ብር አለ። ሌላው «አይ፣ እኔ በ3,000 እጨርስልሃለሁ» አለ። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው።) ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ የሁለቱን ሥራ መለየት አትችሉም። ሁለቱም ቀን ምጣዱ ይሠራል። ስለዚህ 6,000 ብሩን ለምን እንደምትከፍሉ አይታያችሁም፤ ትንሹን ትመርጣላችሁ። ጎረቤትም እንደዚያው፣ አከራይም እንደዚያው። በደንብ የሚሠራው ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ዋጋውን ቀንሶ ሽቦውንም ይቀንሳል፣ ወይ ትልልቅ ሕንፃ ላይ ኮንትራት ይዞ ከሰፈር ይጠፋል። ከዚያ እኛው «ድሮ ቀረ፣ አሁን ሠራተኛ የለም» እንላለን። ሠራተኛው አለ፣ የምንከፍለው ዋጋ ነው ያባረረው።

ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ደግሞ ፈተናውን አክብደውታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መዳብ ደግሞ ዋጋው ዶላርን ተከትሎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ኬብሉ እዚሁ ቢመረት እንኳ። ስለዚህ ከጠቅላላ ወጪው ውስጥ የዕቃው ድርሻ ሲያድግ፣ ከ2.5 ወደ 1.5 በመውረድ «የሚተርፈው» ብርም አብሮ አድጓል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ሲሸጥ ትርፉ ጥሩ ነው። አንዳንድ ሱቅ ደግሞ ደንበኛ ላመጣለት ሠራተኛ ኮሚሽን ይከፍላል፤ የዚያን ጊዜ ሠራተኛው የእናንተ ወኪል ነው ወይስ የሱቁ?

የታሪፉም ነገር አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዋጋ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ እንዲሄድ ተወስኗል። ሒሳቡ ሲከብድ «ቆጣሪውን ላዘግይልህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ያላችሁን ሰው ወዲያው አሰናብቱት። ወንጀል ነው፤ በዚያ ላይ ቆጣሪ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ሌላው ሥራው ላይም ምን እንደሚያደርግ ነግሯችኋል።

የጋራ ግድግዳ፣ የተከራየ ሽቦ

«የራሴ ቤት ነው፣ አደጋውም የራሴ» ማለት አይቻልም ወይ? አይቻልም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው የጋራ ነው፣ ደረጃው የጋራ ነው፣ የቆጣሪዎቹ ሳጥን አንድ ቦታ ነው። ተያይዘው በተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ደግሞ የአንዱ እሳት የአሥሩ ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህን የውጭ ተፅዕኖ ይሉታል፦ እኔ ያተረፍኩትን ብር እኔ ይዤዋለሁ፣ ያመጣሁትን አደጋ ግን ከጎረቤቴ ጋር ተካፍዬዋለሁ። ስለዚህ ሁላችንም ለደኅንነት ከሚገባው በታች እናወጣለን።

ከሁሉ የባሰው ግን ተከራይ ነው፤ ከአንባቢዎቼ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ተከራይ ናችሁ። አከራዩ ሽቦውን ቢያድስ ብሩ የሱ፣ ጥቅሙ የተከራይ። ተከራዩ ቢያድስ ብሩ የሱ፣ ሽቦው ሲወጣ የአከራይ። ሁለቱም ይጠብቃሉ። እስከዚያ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል፣ በዚያ ላይ ስቶቭ።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዕድል አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አብዛኛው ወሬያችን ስለ ጭማሪው ነው። ለሽቦው ግን ሁለት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ነገ እወጣለሁ ብሎ የሚያስብ ተከራይ አርሲዲ አያስገባም። 24 ወር እንደሚቆይ የሚያውቅ ግን ወጪውን ለ24 ከፍሎ ማሰብ ይችላል፤ ከአከራዩም ጋር መነጋገር ይችላል። «እትዬ፣ የምጣዱን መስመር እኔ ላሠራ፣ ግማሹ ከኪራዩ ይታሰብልኝ፣ ውሉ ላይ እንጻፈው» ማለት ነውር የለውም። ቤቱ ቢቃጠል የሚከስሩት እሳቸውም ናቸው። የምትፈርሙበት ቀን ሶኬቶቹን በስልካችሁ አንሱ፣ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ያያችሁትን ጉድለት ውሉ ላይ አስፍሩ።

ታዲያ እንዴት እንቅጠር?

ዋናው ነገር የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ነው። ጥራቱ ከታየ በጥራት መክፈል ይቻላል። ለዚህ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ከማንኛውም ዕቃ የተሻለ መሣሪያ ነው።

1. ከዋጋው በፊት ሥራውን ጠይቁ። «ስንት ነው?» ሳይሆን «ምን ልታደርግ ነው?» በሉ። ስንት ቁጥር ሽቦ፣ ስንት አምፔር ብሬከር፣ ኧርዙ ከየት ይመጣል? ጥሩ ሠራተኛ መልስ ከመስጠቱ በፊት እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል፦ ምጣዱ ስንት ዋት ነው፣ ከሳጥኑ ምን ያህል ይርቃል፣ ሌላ ምን አብሮ ይሠራል? ምንም ሳይጠይቅ፣ ሳጥኑን ሳይከፍት ዋጋ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

2. ወረቀቱን ጠይቁ፣ በትህትና። «ወንድሜ፣ ሲኦሲ አለህ?» ማለት ስድብ አይደለም። በቴክኒክና ሙያ ተምረው የብቃት ምዘናውን ያለፉ ብዙ ልጆች አሉ፣ ወረቀታቸውን የሚጠይቃቸው ሰው ግን ትንሽ ነው። ቤት ሙሉ ለሙሉ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ የሰጠውን ባለሙያ ወይም ተቋራጭ ፈልጉ። ወረቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ግን ሠራተኛው ስሙን የሚያስቀምጥበት ነገር እንዳለው ያሳያል።

3. የእጅና የዕቃ ዋጋ ለዩ። ዝርዝሩን በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ ወይም አብራችሁት ሂዱ፣ ደረሰኝ ያዙ። ኬብሉ ላይ የአምራቹ ስምና የሽቦው ቁጥር መታተሙን አንብቡ። ጫፉን አስቆርጣችሁ እዩት፦ ውጩ ቀይ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ ሳይሆን የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ጥቅልሉ ከሚጠበቀው በጣም ከቀለለም ጠርጥሩ።

4. ግድግዳው ሳይዘጋ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን መስመር፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ ከውስጥ። ሠራተኛው ፎቶ እንደምታነሱ ከመጀመሪያው ይወቅ። ሥራው እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ነገ ድሪል ስትጠቀሙ ሽቦው የት እንዳለም ከፎቶው ታውቃላችሁ።

5. ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑ። የአርሲዲውን ቁልፍ ተጫኑ። ምጣዱን ሙሉ በሙሉ አስግላችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱንና የብሬከሩን ሽፋን ከውጭ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አልቋል አትበሉ። ብሬከሮቹ ላይ «ምጣድ»፣ «ሶኬት»፣ «መብራት» ተብሎ ይጻፍባቸው። ከክፍያው የተወሰነውን ከሳምንት በኋላ ለመስጠት ቀድማችሁ ተስማሙ።

6. ጥሩ የሠራውን አሳውቁ። ይህ የሚረሳ ነው። የሕንፃችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህን ሠራልኝ፣ ሽቦው ይህ ነው፣ በዚህ ዋጋ» ብላችሁ ፎቶውን አስቀምጡ። አከርሎፍ ያየውን ችግር የሚፈታው አንዱ መንገድ ስም ነው። ስሙ ዋጋ እንዳለው ያወቀ ሠራተኛ በ1.5 ሽቦ አያበላሸውም።

ራሳችሁ የማትነኩት

ዩቲዩብ ብዙ ያስተምራል፤ አምፖል መቀየር ያስተምር። ሶኬት መክፈት፣ ብሬከር መቀየር፣ መስመር መቀጠል ግን ለባለሙያ ተዉት። እስከ ቆጣሪው ያለውና ቆጣሪው ራሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ እዚያ ላይ ችግር ካለ 905 ደውሉ፣ የሰፈሩን ልጅ ምሰሶ ላይ አታውጡት። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ ነው። መኪና የምታስሞሉ ከሆነ በዲቫይደር አትሞክሩት፣ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት። መብራት ሲሄድ ምጣድ፣ ስቶቭና ፍሪጅ ንቀሉ፤ ሲመለስ ቮልቱ እስኪረጋጋ ትንሽ ጠብቁ።

ሰው ኮረንቲ ከያዘው አትንኩት። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ካልቻላችሁ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ፣ ከተቻለ ዋናውን አጥፍታችሁ ውጡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

የመንግሥትስ ድርሻ?

ሁሉንም በእናንተ ላይ ጥዬ አልጨርስም። ማየት የማንችለውን ነገር ገበያው ብቻውን አያስተካክለውም። የኪራይ ውል ሲመዘገብ የቤቱ ስፋትና ዋጋ እንደሚጻፈው፣ አርሲዲና ኧርዝ መኖሩ በአንድ መስመር ቢጻፍ ከባድ አይደለም። ምዘናውን ያለፉ ኤሌክትሪሺያኖች በወረዳ ደረጃ በስልክ ተፈልገው የሚገኙበት ዝርዝር ቢኖር፣ ጥሩው ሠራተኛ ከመጥፎው በአንድ ፍለጋ ይለያል። የኤሌክትሪክ መኪና እንዲገባ የወሰነ መንግሥት፣ መኪናው የሚሰካበት ሶኬት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበትም ማሳወቅ አለበት። ኃይል ማመንጨቱ ላይ ያን ያህል ከደከምን፣ የመጨረሻዋ አሥር ሜትር ላይ መሳነፍ ኪሳራ ነው።

እስከዚያ ግን የሚቀጥለው ስልክ የእናንተ ነው። ብሬከሩ ጥሎ ሠራተኛ ስትጠሩ፣ ከ«የእጅህ ስንት ነው?» በፊት «ሽቦው ስንት ነው?» በሉ። ሁለቱን ጥያቄ በዚህ ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ፣ ጥሩው ሠራተኛም ወደ ሰፈር ይመለሳል።